ሰባት ገጽ እባብ

አያ ደምሌ መሞታቸውን የነገረኝ ሰይድ ነው፤ በአንበሳሜና በጉና መካከል ጨው የሚነግደው። ደብረ ታቦር ከቢሮዬ በር ላይ በቅሎውን እንደያዘ ቆሞ፣ «አያ ደምሌ ዐረፉ፤ ማክሰኞ ቀበርናቸው» አለኝ። ነፍስ ይማር ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ከአፌ የወጣው፣ «ታፈረስ? ታፈረ አልሞተም?» የሚል ነበር።

«ምን በወጣው ይሞታል! ቀብሩ ላይ ነበር። ከሰው ሁሉ በላይ ያለቀሰው እሱ ነው» አለ ሰይድ።

«አለቀሰ?»

«ደረቱን እየመታ።»

ደሜ ፈላ። እኚያን ሰው የፊጥኝ አስሮ በገበያ መካከል የነዳ፣ ዛሬ በሬሳቸው ላይ ደረቱን ይመታል! እንባውን ደም ያድርገው አልኩ። እኔ ይቅር ባይ ሰው አይደለሁም፤ የምጽፍላችሁም ይቅር ባይ ስላልነበሩ ሰው ነው።

«ስለ እኔስ?» አልኩት ቀስ ብዬ። «ሳይሞቱ ስለ እኔ ያሉት ነገር አለ?»

ሰይድ የበቅሎውን ልጓም ማስተካከል ያዘ። «አለ» አለ። «ቁጭ እንበልና እነግርሃለሁ።»

የነገረኝን ኋላ እጽፈዋለሁ። አያ ደምሌ ቂም የያዙት በሁለት ሰው ላይ ነበር። አንዱ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ታፈረ ነው፤ ሁለተኛው እኔ ነኝ። ለታፈረ የእጁን ሲሰጡት በዓይኔ አይቻለሁ። የኔ ነገር እንዴት እንዳለቀ ነበር ከሰይድ መስማት የፈለግሁት።

ያኔ ከእርሻ ትምህርት ቤት ገና የወጣሁ ጎረምሳ ነበርኩ። የልማት ሠራተኛ ተብዬ የተመደብኩት ከደብረ ታቦር ወደ ጉና ሲወጣ ግማሽ ቀን በእግር በምታስኬድ ቀበሌ ነው። አገሩ ብርዳም ነው፤ ከገብስና ከድንች በቀር ብዙም አያበቅል። መሬቱ ተዳፋት ስለሆነ እርሻው የሚቆመው በድንጋይ ካብ ነው። ካቡ ከተናደ ክረምቱ አፈሩን ይዞት ቁልቁል ይወርዳል። ስለዚህ እዚያ አገር ጥሩ ካብ የሚክብ ሰው እንደ ቄስ ይከበራል።

ካቢው አያ ደምሌ ነበሩ። ረጅም፣ ቁጥብ፣ ድንጋይ ከመሸከም ብዛት አንድ ትከሻቸው የወረደ ሰው። ድንጋዩን ከማስቀመጣቸው በፊት በጣታቸው አንኳኩተው ጆሯቸውን ያስጠጉታል። «ይሄ ዋሾ ነው፤ ውስጡ ተሰንጥቋል» ይሉና ይወረውሩታል። ታማኝ ስለነበሩ ማኅበሩ የዘር ገብስ የሚቀመጥበትን ጎተራ ቁልፍ የሰጠው ለእሳቸው ነው። ከእሳቸው ጋር የተዋወቅነው ስህተት ያገኘሁባቸው መስሎኝ ነው። በየካቡ እግር ስር እጅ የሚያሾልክ ክፍተት አየሁ።

«አያ፣ እዚህ ጋ ድንጋይ ረስተዋል» አልኳቸው።

«አልረሳሁም። የእመቤቲቱ በር ነው።»

«የየትኛዋ እመቤት?»

«ዝም ብለህ ቁም። ፀሐይ ሲመታው ትወጣልሃለች።»

ውርጩ ሲቀልጥ ወጣች። ክንድ ከስንዝር የምትሆን ቀጭን እባብ ናት፤ ጀርባዋ ላይ ከአንገቷ እስከ ጭራዋ የሚወርድ መስመር አላት፣ ሆዷ ቢጫ ነው። እኔ ወደ ኋላ ዘለልኩ። እሳቸው መዳፋቸውን ድንጋዩ ላይ ዘረጉላት፤ ላያቸው ላይ ተስባ አለፈች።

«ወይ የተማረ!» አሉ እየሳቁ። «ይህች እኮ መርዝ የላትም። መርዝ ያለው እፉኝት ነው፤ አጭር፣ ወፍራም፣ ሰው ሲመጣ የማይሸሽ። እሱን ካገኘሁት ሳላመነታ ነው የምጨፈልቀው። ይህች ግን አይጥ በላተኛ ናት። እስቲ ንገረኝ፣ ድመት የአይጥ ጉድጓድ ትገባለች?»

«አትገባም።»

«ደጅ ነው የምትጠብቅ። እሷ ግን ጓዳ ድረስ ገብታ ግልገሎቹን ሳይቀር ትለቅማለች። ደግሞ እንደ ድመት ወተት አትሰርቅ፣ ቅቤ አትልስ።»

ስለዚያች እባብ ያወቅሁትን ሁሉ ያወቅሁት ከእሳቸው ነው። ብርዱ ሲበረታ ካቡ ልብ ውስጥ ገብታ ትተኛለች። ጠዋት በምሥራቅ በኩል ባለው ፊት ወጥታ ትሞቃለች፤ ሰውነቷ ሲፍታታ ታድናለች። እንቁላል አትጥልም፤ ትወልዳለች፣ እሱንም ጥቂት። «አይጥ በየወሩ ትወልዳለች፤ እሷ በዓመት ብትወልድ ነው» ይሉኝ ነበር። «አይጥ ብትገድል ነገ ሌላ አለ። እሷን ከገደልክ ግን ቶሎ የሚተካልህ የለም።»

ሰውየው ገር አልነበሩም። ቂመኛ ነበሩ፤ ራሳቸውም አይደብቁትም። ወንድማቸው ድንበር ገፍቶባቸው መሬቷን እስኪመልስላቸው ድረስ ከቤቱ እሳት አልጫሩም። ቂም ያለበት ሰው ቤተ ክርስቲያን መግባት የለበትም ብለው ስለሚያምኑም ያን ሁሉ ጊዜ ሚካኤልን ያስቀደሱት ከቅጥሩ ውጭ ቆመው ነው። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ይሉኛል። «እኔ ወይ ቂሜን እወጣለሁ ወይ ደጅ እቆማለሁ። ሁለት ልብ የለኝም።»

በሦስተኛው ዓመቴ አይጥ በዛ። ከላይ የአይጥ ማጥፋት ዘመቻ ይካሄድ የሚል መመሪያ መጣ፤ ሰው ሁሉ የገደለውን አይጥ ጭራውን እየቆረጠ እንዲያመጣ። መመሪያው ስለ እባብ አንዲት ቃል አልነበረበትም። እባብን የጨመረው ታፈረ ነው።

ታፈረ አፈ ጮሌ ነው፤ ስብሰባ ይወዳል። እባብ መፍራቱን ግን አገር ያውቃል። ሽጉጥ ታጥቆ እንኳ ሣር ውስጥ አይገባም ነበር። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» እያሉ ሴቶቹ ከኋላው ይስቁበታል። ያን ቀን ግን ተነሥቶ፣ «ጓዶች! ተባይ ማለት አይጥ ብቻ አይደለም። እባብም ተባይ ነው! ላም ይጠባል፣ ሰው ይነድፋል፣ ከጥንት ጀምሮ የተረገመ ፍጡር ነው!» አለ። እግዜር የለም እያለ ሲሰብከን የኖረ ሰው ለእባብ ሲሆን ኦሪትን ጠቀሰ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ባለሙያው እዚህ አለ። ጓድ፣ እባብ ተባይ ነው አይደለም?»

እኔ አውቅ ነበር። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ከአያ ደምሌ ቀጥሎ የማውቅ እኔ ነበርኩ። እሳቸው ከኋላ ተቀምጠው ያዩኛል። «መመሪያው እንኳ...» ብዬ ጀመርኩና የታፈረን ዓይን አየሁ።

«ሊሆን ይችላል» አልኩ።

ምላሴን በቆረጠው! አይጥ ሮጦ ያመልጣል፣ ይደበቃል። እባብ ግን ካቡን ካፈረሱባት ከነልጆቿ ትገኛለች። ሰው ዘመቻው ላይ ባዶ እጁን እንዳይቀርብ አይጡን ተወና ካብ ማፍረስ ያዘ። የአያ ደምሌ የዕድሜ ልክ ሥራ በአንድ ሳምንት ተበተነ። ታፈረ ሪፖርቱ ረጅም እንዲመስልለት፣ እያንዳንዷ እባብ ለብቻዋ መስመር ይያዝላት አለኝ፤ የገዳዩ ስም፣ የተገኘችበት ካብ። ጻፍኩ። በተማሪ ደብተር ሰባት ገጽ ሞላ። ያልተነካው የሚካኤል ቅጥር ብቻ ነበር፤ ታፈረ ቢያዝም የታቦቱን ቅጥር የሚያፈርስ እጅ አልተገኘም።

አያ ደምሌ በመጨረሻው ቀን መጡ። ክምሩን አዩ። አንዷን አንሥተው ሆዷን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ።

«እርጉዝ ነበረች። ስንት ብለህ ጻፍካት?»

«አንድ።»

«ዋሽተሃል» አሉና ሄዱ።

ታፈረ የምስክር ወረቀት ተሸለመ። በመስተዋት አስገብቶ ግድግዳው ላይ ሰቀለው።

በዓመቱ የሆነውን ልንገራችሁ። ክረምቱ በፈረሰው ካብ በኩል አፈሩን ጠርጎ ወሰደው። አይጥ ደግሞ ጠያቂ ጠፍቶለት እርሻውን፣ ከዚያም ጎተራውን ወረሰው። አያ ደምሌ ሁለት ጊዜ ሄደው ለታፈረ አመለከቱ፤ አልሰማቸውም። የዘር ጊዜ ደርሶ ጎተራው ሲከፈት ላዩ እህል ይመስላል፣ እጅ ሲገባበት ገለባና የአይጥ ኩስ ነው። ገበሬው የሚዘራው አጣ። ታፈረ ጥፋተኛ ያስፈልገው ነበር፤ ቁልፉ ያለው አያ ደምሌ እጅ ነው።

«አይጥ በላው ማለት የአሻጥረኛ ቋንቋ ነው!» አለ ሕዝቡ ፊት። «አይጥ የለም። ዘምተናል፣ ተሸልመናል! ጓድ ባለሙያ፣ አይጥ ይህን ሁሉ እህል ሊጨርስ ይችላል?»

አያ ደምሌ አዩኝ። አልለመኑኝም፣ አንገታቸውንም አልደፉ። ጠበቁኝ።

«አላውቅም» አልኩ።

የፊጥኝ አሰሯቸው። ቅዳሜ ነበር፤ ገበያው ሞልቷል። በጓሮ የሚያስወጣ መንገድ ነበረ፤ ታፈረ ግን ሆን ብሎ በገበያው መካከል ነዳቸው። ሚስታቸው ወይዘሮ ብርቄ ከጨው ተራው አጠገብ ቆመው አዩ። ከዚያ ሁለት ክረምት ሙሉ፣ በየሳምንቱ ስንቅ ተሸክመው ደብረ ታቦር እስር ቤት ተመላለሱ። አንድ ቀን መንገድ ላይ ስንገናኝ፣ «እህልህን አይጥ አይንካብህ ልጄ» ብለውኝ አለፉ። ምርቃት አልነበረም።

አያ ደምሌ ሲፈቱ ጸጉራቸው ነጥቶ ነበር፤ እጃቸው ግን ያው ነው። አገሩ ጥይት ጠበቀ። በእኛ አገር እንዲህ ያለ በደል በምን እንደሚመለስ የማያውቅ የለም። ታፈረ ሁለት ታጣቂ ሳያስከትል ደጅ አይወጣም ነበር። ወይዘሮ ብርቄ እንኳ አንድ ቀን እኔ እየሰማሁ፣ «ያ ጠመንጃ ዝጎ ሊቀር ነው?» አሏቸው።

«ጥይት አንዴ ነው የሚያመው» አሉ። «እኔ ሁለት ክረምት ነው የታሰርኩት።»

እኔን አንቱ አሉኝ። ልጃቸው የምሆነውን! «እንዴት ዋሉ» ብለውኝ፣ ባርኔጣቸውን ነካ አድርገው አለፉ። በጥፊ ቢያጮሉኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ካብ መካብ ጀመሩ። የጀመሩት ከሚካኤል ቅጥር ነው። የቅጥሩን ካብ ከመጀመሪያው እርሻ ካብ፣ የመጀመሪያውን ከሁለተኛው እያገናኙ ቁልቁል ወረዱ። አንድ ቀን ድንጋይ ላቀብላቸው ተጠጋሁ። ቀና ብለው አላዩኝም፤ ድንጋዩን ተቀበሉኝ። እየቆዩ ግን ሥራ ሲይዙ መናገር ስለሚወዱ ተናገሩ።

«እባብ ለእባብ ይተያያል ካብ ለካብ ይባላል። ሰው ለተንኮል ነው የሚተርተው፤ እኔ ለሥራ ነው። ሜዳውን አታቋርጥም፣ ጭልፊት ይነጥቃታል። ካብ ከካብ ከተነካካላት ግን ውስጥ ለውስጥ አገር ታቋርጣለች።»

ነገሩ ያኔ ገባኝ። በቅጥሩ ውስጥ የተረፉት እባቦች ወደ እርሻው የሚመለሱበትን መንገድ እየሠሩ ነው። በየቤቱም ጓሮ የእመቤቲቱን በር እየተዉ አለፉ።

ታፈረም ካብ አማረው። የግቢዬን ቅጥር ካብልኝ ብሎ ታጣቂ ላከባቸው። እንቢ ይላሉ ብለን ስንጠብቅ፣ «እሺ» አሉ። ሦስት ሳምንት ሠሩለት። እንደዚያ ያለ ካብ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ ወዲህ አላየሁም። ድንጋዩ ከድንጋዩ የተሰፋ ይመስላል፤ ሥሩ በጭቃ ተመርጓል፤ ዙሪያውን ምላጭ አያስገባም። ታፈረ እንግዳ ሲመጣ ያስጎበኘው ነበር። «ጉንዳን አያሾልክም! እባብማ ምን ሲደረግ!» ይላል።

«ለጠላትዎ ይህን የመሰለ ካብ?» አልኳቸው።

«ለጠላትማ ምርጡ ነው የሚሰጠው» አሉ።

ሁለት ዓመት ፈጀ። እባቦቹ በካቡ ውስጥ ለውስጥ ወረዱ፤ አንዷ በአቶ እገሌ ጓሮ ታየች፣ ሌላዋ በእገሊት ድንች መካከል። በየሄዱበት አይጥ ሸሸ። የት ይሂድ? እባብ የማይገባበት አንድ ግቢ ብቻ ነበር የቀረው። የአገሩ አይጥ ተሰብስቦ፣ በካቡ አናት እየዘለለ ታፈረ ቤት ገባ። እህሉን ፈጁ፤ ኮርቻውን በሉ፤ የጫማውን ቆዳ በሉ። ድመት አመጣ፤ ድመቷ ወፈረችና ምድጃ አጠገብ ተኛች። መርዝ አስመጣ፤ ውሻውና ዶሮዎቹ አለቁ። በመጨረሻ ግድግዳው ላይ የሰቀለውን የምስክር ወረቀት በኋላው ገብተው ከነማኅተሙ በሉት፤ መስተዋቱ ባዶውን ቀረ። ይህን የሰማሁ ቀን ቤቴን ዘግቼ ብቻዬን ሳቅሁ። እሰይ! የአይጥ አርበኛ፣ ማዕረጉን አይጥ ገፈፈው!

አንድ እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ ታፈረ መጣ። ታጣቂ አላስከተለም። አያ ደምሌ እንደ ልማዳቸው ከቅጥሩ ውጭ ቆመዋል፤ እኔ አጠገባቸው ነበርኩ።

«አያ» አለ። ያን ቀን ነው ለመጀመሪያ ጊዜ አንቱ ያላቸው። «ልጆቼን አይጥ እየነከሰብኝ ነው። የትንሿን ጣት በሏት። እባክዎ... አንዲት እባብ ይስጡኝ።»

የሚወጣው ሕዝብ ባለበት ቆመ።

«ምን ስጠኝ አልክ?»

«እባብ።»

«ጮክ በል፤ እስር ቤት ብርድ ጆሮዬን መትቶታል።»

«እባብ ይስጡኝ!»

«ስለ ልጆችህ እሰጥሃለሁ» አሉ አያ ደምሌ። «ግን በጆንያ አይደለም። በባዶ እጅህ ራስህ ትሸከማታለህ። ደግሞ ቅዳሜ ነው የምትወስዳት፤ በገበያው መካከል።»

ፊቱ አመድ መሰለ። «ኧረ አያ፣ በገበያ ለምን?»

«እኔንስ በየት ነበር የነዳኸኝ?»

ቅዳሜ ጠዋት ሁላችንም ሚካኤል ቅጥር ስር ነበርን። አያ ደምሌ እጃቸውን ከካቡ ክፍተት ሰደዱና አንዲቱን ቀስ አድርገው አወጧት። ታፈረ እጁን ዘረጋ፣ ሰበሰበ፣ እንደገና ዘረጋ። ስታርፍበት እንደ ሕፃን ጮኸ። ከዚያ መንገዱን ጀመርን፤ እሱ ከፊት፣ አያ ደምሌ ከኋላው ከዘራቸውን ይዘው፣ እኔ ከእሳቸው ኋላ።

ገበያ ገባን። ሰይድ ጨው መስፈሩን አቁሞ፣ «ያ አላህ! እሱ ነው የሚወስዳት ወይስ እሷ ናት የምትነዳው?» ሲል ገበያው በሳቅ ፈነዳ። ሴቶቹ እልልታውን ለቀቁት። እባቧ በእጅጌው ሽቅብ መግባት ጀመረች።

«ልትነክሰኝ ነው! ያውጡልኝ! ኧረ በሚካኤል!»

«በርዷት ነው» አሉ አያ ደምሌ። «እንዳንተ በላብ የሚቀቀል ሰው ስታገኝ ምን ታድርግ? ሂድ፣ አትቁም።»

ሱሪው ሲርስ አየሁ። አገር አየ። ደስ አለኝ፤ ደስ አለኝ ነው የምላችሁ። ወይዘሮ ብርቄ ያን ቀን የቆሙባት ቦታ ላይ፣ ከጨው ተራው አጠገብ ቆመው ነበር። እልል አላሉም፣ አልሳቁም። አልፎ እስኪጠፋ ድረስ ግን ዓይናቸውን ከእሱ ላይ አልነቀሉም።

ግቢው ደረስን። «በየት ላስገባት?» አለ።

«በበሯ ነዋ።»

በሯን ፍለጋ እባብ እንደታቀፈ ያን የሚኮራበትን ካብ ዙሪያውን ዞረው። ተመልሶ መጣ።

«የለም!»

«የለም። አልሠራሁልህም።»

«እባክዎ አንድ ድንጋይ ያንሡልኝ።»

«እኔ?» አሉ አያ ደምሌ። «እኔ የካብሁትን አላፈርስም። ካብ ማፍረስ አንተ ነህ የምታውቅበት።»

በአንድ እጁ አፈረሰው። ምርጊቱን በጥፍሩ ፋቀ፣ ድንጋዩን ነቀነቀ፤ ጣቶቹ ደሙ። እጅ የምታሾልክ ክፍተት ስትከፈት እባቧ ከእጅጌው ወጥታ ገባች። ታፈረ እዚያው መሬት ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። አያ ደምሌ እስኪጨርስ ጠበቁትና፣ «በቃን» አሉት። ከዚያን ቀን ወዲያ ሰላም ይሉት ነበር። በልቅሶም በሠርግም ይጠራሩ ነበር።

ስንመለስ፣ «እንግዲህ ሚካኤል ይገባሉ!» አልኳቸው። እውነቴን ነው፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

«አልገባም። አንድ ሰው ቀርቶኛል።»

የቀረው እኔ ነበርኩ።

«ያ ደብተር አለ?» አሉኝ።

«አለ።»

«ከሟቾቹ በኋላ ባዶ ገጽ አለው?»

«አለው።»

«እንግዲያው ይስሙኝ። በየዓመቱ ጥቅምት ላይ፣ ውርጩ በቀለጠ ጠዋት፣ ካቡን ሁሉ በእግርዎ ይዞራሉ። በሕይወት ያለችውን እንደ ሟቾቹ አንዷን በአንድ መስመር ይጽፏታል። አምና የጻፏትን ዘንድሮ እንዳይደግሙ፤ የአንገቷ መስመር የአንዷ ከሌላዋ አይመሳሰልም፣ ከጎኗ ይሳሉት። ገፍፋ የጣለችውን ቆዳ እንዳይጽፉ። ቆዳ ትናንት ነበርኩ ማለት ነው እንጂ ዛሬ አለሁ ማለት አይደለም። ሰባት ገጽ ሲሞላ ይንገሩኝ፤ ያኔ እገባለሁ።»

በመጀመሪያው ዓመት አራት መስመር ጻፍኩ። በሁለተኛው ስድስት። ወደ ደብረ ታቦር ተዛወርኩ፤ ጥቅምት በመጣ ቁጥር ግን ፈቃድ እየጠየቅሁ እወጣ ነበር። አንዳንዴ አያ ደምሌ ከኋላዬ ይከተሉኛል። አንድ ዓመት ሰለቸኝ። ካብ ስር ትኩስ ቆዳ አገኘሁና ገልብጬ፣ የአንገቱን መስመር አይቼ እንደ በሕይወት ጻፍኳት። ደብተሩን ተቀብለው አዩት። ፊደል አያውቁም፤ ሥዕሉን ግን ያውቃሉ።

«ይህችን የት አዩዋት?»

ደብተሩን ልቀበላቸው እጄን ዘረጋሁ።

«አንድ ጊዜ ዋሽተው እስር ቤት አስገቡኝ» አሉ። «አሁን ደግሞ ዋሽተው ቤተ ክርስቲያን ሊያስገቡኝ ነው? ይደምስሱ።»

ደመሰስኩ።

አንድ የዩኒቨርሲቲ ሰው ለጥናት መጥቶ ያን ደብተር ቢሮዬ አየው። ይህች እባብ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም የትም አትገኝም፤ ስንት እንደቀረች የሚያውቅ የለም አለኝ። ገጾቹን እያገላበጠ፣ «ይህን ሥራ ማን ሰጠህ?» ሲል ጠየቀኝ። «የበደልኩት ሰው» አልኩት። ቀልድ መስሎት ሳቀ።

ይኸው እንግዲህ። የመንግሥትና የሸማቂዎቹ ውጊያ ወደ ጉና በተጠጋበት ዓመት ሰይድ በሬ ላይ መጣ፤ ቁጭ አልን፤ መልእክቱን ነገረኝ።

«የንስሐ አባታቸው ለመኗቸው» አለ። «ደምሌ፣ ልትሞት ነው፣ ልጁን ይቅር በለውና ቁረብ አሏቸው። እኔ ደጅ ሆኜ እሰማ ነበር።»

«ምን አሉ?»

«ስንተኛው ገጽ ላይ ደርሷል አሉ። ወይዘሮ ብርቄ፣ አራተኛው ላይ ነው አሏቸው። ገና ነው አሉ። ከዚያ ወዲያ አልተናገሩም።»

«የት ቀበራችኋቸው?»

«ከሚካኤል ቅጥር ውጭ፣ ካቡ ስር። ራሳቸው እዚያ ቅበሩኝ ብለው ነው።»

ታፈረ ለምን እንደዚያ እንዳለቀሰ ያኔ ገባኝ። የእሱ ዕዳ ተከፍሎ አልቋል፤ ደረቱን እየመታ ቢያለቅስ ማን ይከለክለዋል? እኔ ለማልቀስ እንኳ አፍ የለኝም።

አሁንም በየጥቅምቱ እሄዳለሁ። ዘንድሮ ፀሐይዋ ካቡን ስትመታ ከመቃብራቸው ድንጋዮች መካከል የእባብ ቆዳ አገኘሁ። ሙሉ ነበር፤ የአንገቱ መስመር ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ በደብተሬ ውስጥ የለም። እስክሪብቶዬን አወጣሁ። ወዲያ አየሁ፣ ወዲህ አየሁ፤ ሰው የለም። እሳቸውም ከኋላዬ የሉም። እስከ ረፋዱ ድረስ እዚያው ቆሜ ጠበቅሁ፤ ባለቤቷ አልወጣችም።

እስክሪብቶዬን ኪሴ ከተትኩ። አምስተኛው ገጽ፣ ሦስተኛው መስመር ላይ ነኝ። ገና ነው።